ጨው በመዳፍ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 12 ቀን
ከኩሽናው ጠረጴዛ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ልጄ፣ ለሚጣዬ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያመጣልኝ ሰው ዝናቡን ፈርቶ ብብቱ ውስጥ ስለያዘው አንድ ጥጉ ከመራሱ በቀር ሁሉም ይነበባል። ያንቺን ጤና፣ የባልሽን አዲስ ሥራ፣ የልጅሽን ጥርስ ማብቀል አንብቤ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ ትንሽ ይለግማል፤ ከተንቀሳቀስኩ በኋላ ግን ይታዘዘኛል። አያትሽም ደህና ናቸው። ስለ እሳቸው ግን ይህን ብቻ ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የጠየቅሽኝ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

"እውነት አያቴ እህል አልቀምስም ብላለች? አጎቴስ ለምን እስካሁን አልወሰዳትም?" ብለሻል። ዝቅ ብለሽ ደግሞ እሳቸው ወደ አጎትሽ ቢሄዱ፣ እኔም ቤቱን ዘግቼ ወደ አንቺ ብመጣ ለሁላችንም እንደሚሻል ጽፈሻል። በስልክ ልመልስልሽ ሞክሬ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረን፤ እውነቱን ልንገርሽና ሲቆረጥ ቅር አላለኝም። እኔ በአፌ ሰነፍ ነኝ። በጽሑፍም ጎበዝ አይደለሁም፣ ትምህርቴን ታውቂዋለሽ፤ ወረቀት ግን ቃሉ እስኪመጣልኝ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። ረዘም ይላል።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የቀረነው እኔና አያትሽ ነን። እሳቸው እዚህ መኖር የጀመሩት አንቺ ገና ተማሪ ሳለሽ ስለሆነ ለአንቺ የቤቱ ሰው ናቸው፤ ለእኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ለካ እናትሽ በሁለታችን ላይ እንደ ጣሪያ ወራጅ ተጋድማ ነው የያዘችን። እሷ ስትነሳ ፊት ለፊት እንደቆሙ ሁለት ግድግዳዎች ሆንን። ከመከባበር በቀር በመካከላችን ብዙ ወሬ ኖሮ አያውቅም። እሳቸው አንቱ ይሉኛል፣ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ። "እንዴት አደሩ?" "እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?" ከዚያ እሳቸው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ እኔ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ልጇን ያጣች እናትና ሚስቱን ያጣ ባል አንድ ሐዘን ያላቸው ይመስላሉ እንጂ የሚያለቅሱበት በር ለየብቻ ነው።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አጎትሽ ሾፌሩ እኛን ሳሎን አስቀምጦ ነገሩን ጀመረው።

"እማዬ፣ ከእንግዲህ ከኔ ጋር ነሽ" አለ። "ጋሼም ይረፍ። የሰው እናት እስከ መቼ ይጦራል?"

አያትሽ የቀሚሳቸውን ጫፍ እያጠፉ "እሺ" አሉ።

"ጋሼ፣ አንተስ?"

"እንደ ፈቃዳቸው" አልኩ።

ሁለቱም ቃላት ሲሰሙ ጨዋ ናቸው። እኔ በልቤ "ልጃቸውን ናፍቀው ነው፣ እኔ ማን ነኝና አስቀራቸዋለሁ" አልኩ። እሳቸው በልባቸው ያሉትን ያወቅኩት በኋላ ነው። በማግሥቱ ሻንጣቸው ታስሮ ከክፍላቸው በር ጀርባ ተቀመጠ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በኛ ቤት ግን ነቀዘ።

አጎትሽ በቀጠረው ሳምንት ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ይዞት ሄደ። የጭነት መኪናው በወዲያ ማዶ፣ እኛ በወዲህ ቀረን። ለሰፈሩ ሱቆች ዕቃ የሚገባው በዚያው መንገድ ስለሆነ ትንሽ ቆይቶ ከመደርደሪያዎቹ ላይ ሳሙናና ክብሪት ብቻ ቀረ። ማዕዘን ላይ ያለው ምግብ ቤትም ዘጋ። እስከዚያ ድረስ ምሳችንን ከዚያ ነበር የማመጣው፤ አያትሽ እናትሽ ከሞተች ወዲህ የኩሽናውን ደፍ አልፈው አያውቁም፣ እኔም በዕድሜዬ ውሃ ከማፍላት ያለፈ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ጓዳ ገብቼ ያለውን አየሁ። ዱቄት፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ በቆርቆሮ የታሸገ እርሾ። ሁሉም እናትሽ እንዳስቀመጠችው ነበር፤ የዱቄቱን ከረጢት አፍ በራሷ አስተሳሰር ቋጥራዋለች። ቋጠሮውን ላለመፍታት ከረጢቱን ከሥር በኩል በቢላ ቀደድኩት። ከዚያ ነቀዙን ነፋሁ።

ግንበኛ ነኝና ዱቄትን የማውቀው በሌላ ዓይነቱ፣ በሲሚንቶው ነው። ክምር አደርጋለሁ፣ መሃሉን እከፍታለሁ፣ ውሃ አፈስሳለሁ፣ ከዳር ወደ መሃል እየመለስኩ አቦካለሁ። እስከዚህ ድረስ ሥራው አንድ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል የተሳሳትኩት። ልስን ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፣ ውሃም ይረጫል። እኔም ዳቦውን በብረት ድስት ጋግሬ ሳወጣው ልክ እንደዚያው እርጥብ ፎጣ ደረብኩበት፤ ሲደርቅ ሲደርቅ ውሃ እረጨዋለሁ። ላዩ እንደ ሊጥ፣ ውስጡ እንደ ድንጋይ ሆነ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የቀሚስ ጨርቅ ይዛ ለአያትሽ ልታሳይ መጣችና ዳቦውን በጣቷ አንኳኳችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ስንት ቀን ይተኛል? ሰው ሊቆምበት ይችላል?"

"ዳቦ ነው።"

"እሱንማ ሽታው ነገረኝ።"

"ቅመሽው እንግዲህ።"

ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች። ውሃ ለመነችኝ፤ ጠጣች፤ ደግማ ለመነችኝ። "እጅዎ ይባረክ ጋሼ" ብላ ጨርቋን ጠቅልላ ሄደች። ትን ያላት መስሎኝ ነበር።

አያትሽ ግን መብላት የተዉት ከዚያ ጀምሮ ነው። ሳህኑን አቀርብላቸዋለሁ፤ አንድ ማንኪያ ያነሳሉ፣ ያስቀምጡታል፣ "ጠግቤያለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ይላሉ። በሻይ ብቻ ይውላሉ። ሩዝ ሠራሁ፣ ምስር ሠራሁ፣ በመጥበሻ ቂጣ ጋገርኩ፤ ያው ነው። የቀለበት ጣታቸው ላይ ቀለበቱ ሲላላ አየሁ። ልብስ ሰፊዋን በር ላይ አግኝቼ "ለእርስዎ ነግረውዎታል? ምን ሆነው ነው?" ብዬ በአንቱታ ጠየቅኳት፤ ስጨነቅ ለታናሼም አንቱ እላለሁ። እሷም "ሐዘን ነዋ ጋሼ፣ ሐዘን ጉሮሮ ይዘጋል" አለችኝና መሬት መሬት አየች። ላንቺ በስልክ የነገረችሽ እሷ መሆኗን አውቃለሁ፤ አልተቀየምኳትም።

የፈራሁትን በግልጽ ልጻፍልሽ። እኔ እጅ ላይ ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። ድልድዩ ሲጠገን ለልጃቸው ምን ብዬ እመልሳለሁ? ጠዋት ጠዋት እንደ ልማዴ ስጸልይ "ከልቤ የሰወርኩትን አሳየኝ" ማለት ጀመርኩ። ምናልባት ሳላውቀው እንዲሄዱ ፈልጌ ይሆን? ፊቴ አስታውቆብኝ ይሆን? መረመርኩት። ያገኘሁት መልስ ንጹሕ አልነበረም። እሳቸው ጮክ ብለው ማልቀስ መቻላቸውን የቀናሁበት ቀን አለ። የእናትሽን ወንበር ወደ መስኮቱ ማስጠጋታቸውን ያልወደድኩበት ቀን አለ። ግን ከዚያ ሁሉ በታች ሌላ ነገር አገኘሁ፤ ማታ በራቸው ስር ያለው መብራት ካልጠፋ እኔም መብራቴን አላጠፋም። እሳቸው ሳል ሲሉ ሰው አለ እላለሁ። ይህን እንዴት ብሎ ለአማት ይነገራል? አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ምሳ የምስር ሾርባ አቀረብኩ። ሽንኩርቱን እንደወትሮው አቁላልቼ፣ ዱቄት በዘይት አምሼ ያወፈርኩት ነው፤ መልኩ ጥሩ ነበር። አያትሽ አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ማንኪያውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። እኔ እበላለሁ።

"አንተ ሰውዬ" አሉ።

ከኋላዬ ሰው የገባ መስሎኝ ዞር አልኩ።

"አንተን ነው። ምን አደረግኩህ?"

"ምን አደረጉኝ?" አልኩ።

"ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ሂጂልኝ ካልክ አፍ አለህ፣ ሂጂልኝ በለኝ። ሻንጣዬን አሥሬ ነው የተቀመጥኩት፤ ድልድይ ሠርቼ አልሄድ። በጨው አልሄድ ስልህ ደግሞ በስኳር መጣህብኝ?"

"የምን ስኳር?"

"ምስሩ ውስጥ የሞጀርከው ነዋ።"

አንድ ማንኪያ ጎረስኩ። "ምስር ነው፣ እማማ" አልኩ።

የኔን ሳህን ሳብ አድርገው ቀመሱት። ለኔ ለብቻው አውጥቼ እንደሆነ ለማጣራት ነው። ፊቴን አዩ፣ ሳህኑን አዩ፣ መልሰው ፊቴን አዩ።

"ያንኑ ነው የምትበላው" አሉ። "ያንንም ዳቦ? ያንን የጨው ድንጋይ?"

"ቆንጆ አልነበረም?"

"እኔማ" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "እኔን ለማባረር ብሎ አብሮ የሚሰቃይ ሰው አየሁ ብዬ ነበር። ምን ያህል ቢጠላኝ ነው እያልኩ።"

ብድግ አሉ። ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ ትተው በግድግዳው እየተደገፉ ኩሽና ገቡና ቆርቆሮና ማንኪያ ይዘው ተመለሱ። "ዓይንህን ጨፍን" አሉኝ። ጨፈንኩ። እንደ ሕፃን አጎረሱኝ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ጨው" አልኩ።

"ይሄስ?"

አሰብኩ። "ይሄ ስኳር ይመስለኛል።"

"ሁለቱም ስኳር ነው" አሉ።

ዓይኔን ስገልጥ እዚያው ቆመዋል። ከዚያ በኋላ ሐኪም እንደሚጠይቅ ጠየቁኝ፣ እኔም መለስኩ። ላንቺም ነግሬሽ ስለማላውቅ እዚህ ላይ ልጻፈው። አንቺ ትንሽ ሳለሽ አንድ ከባድ ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሎኝ ነበር፤ ከዚያ ስነሳ ሽታና ጣዕም አብረውኝ አልተነሱም። ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቀሩ። የምታውቀው እናትሽ ብቻ ነበረች።

"ልጄ ታውቅ ነበር?" አሉ አያትሽ።

"ታውቅ ነበር። እሷ ነበረች የምትነግረኝ።"

"ምን ብላ?"

"'ዛሬ ጥሩ ነው' ትለኛለች፤ እኔም 'አዎ፣ ጥሩ ነው' እላለሁ። 'ዛሬ ጨው በዝቷል' ትለኛለች፤ እኔም 'ትንሽ በዝቷል' እላለሁ።"

"እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ እያየሁ?"

"እርስዎ ፊት ለፊት።"

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "እኔ ደግሞ ለልጄ የምታደላ ምላስ አለችው እያልኩ ስንት ጊዜ ታዘብኩህ" አሉ። ከዚያ ጨው እንዴት እንደምለካ ጠየቁኝ። እናትሽ በመጨረሻው ሰሞን አልጋዋ ላይ ሆና ያስተማረችኝን ነገርኳቸው። "ጨው በመዳፍ ነው፤ ጎድጎድ ያለውን ቦታ ሲሞላ በቃ" ብላኝ ነበር።

"እስቲ መዳፍህን።"

ዘረጋሁላቸው። የግንበኛ እጅ ነው፤ መዳፌ ላይ ጡብ ሲያርፍ ኖሯል። የእናትሽን እጅ ታስታውሻለሽ።

"በዚህ አካፋ?" አሉ። "በዚህ አካፋ ነው የሠፈርክልኝ?" እና ሳቁ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሳቁ ሄዶ ሄዶ ሌላ ነገር ሆነ፤ እኔም ሳህኖቹን አነሳሁ። ኩሽና ገብተው መውጣታቸውን እሳቸውም ያስተዋሉት እኔ ሳህን ይዤ ደፉን ስሻገር ነው። ደፉን አዩት።

ስኳሩ እንዴት እንደመጣ ቀላል ነው። የጨው ቆርቆሮው ቶሎ ቶሎ ባዶ ይሆንብኝ ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ባዶ ሲሆን ከጓዳው ጨለማ እጄ ያገኘውን ከረጢት ጨው መስሎኝ አንስቼ ገለበጥኩበት፤ እጄ ሊጥ ስለነበር አልዳሰስኩትም።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ላስገባ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ ይመስለኛል፣ እናትሽ ሰው ልትጠይቅ ሄዳ አንቺ ሩዝ አሳርረሽ አቀረብሽልኝ። ጭሱ ግቢውን ሞልቶት ነበር አሉ። ድስቱን ጠርጌ በላሁት። ማታ ለእናትሽ "አባቴ በጣም ይወደኛል" ብለሽ ነገርሻት፤ እሷም ሳቋን ይዛ ነገረችኝ። እንግዲህ አሁን ምክንያቱን አወቅሽ። ባጣጥመውም እበላው ነበር ብዬ አስባለሁ። አስባለሁ ነው የምለው፤ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ አልተፈተንኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ አያትሽ አንቱ ብለውኝ አያውቁም። በርጩማቸውን ኩሽናው ደፍ ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ ጉልበታቸው ለመቆም እንጂ ለመቀመጥ አይሰንፍም፣ እጃቸውና አፍንጫቸው ደግሞ ያው ናቸው። እኔ እሳቱና ክብደቱ ላይ፣ እሳቸው ሊጡና ጨዉ ላይ ሆንን።

"ሽንኩርቱን አገላብጠው፤ ሊያር ነው።"

"ገና ነው፤ መልኩ ጡብ አልመሰለም።"

"እኔ በአፍንጫዬ ነው የማወራህ፣ አንተ በዓይንህ ትከራከረኛለህ። አገላብጥ።"

አገላብጣለሁ። ሥሩ ጠቁሯል። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል" ይላሉ። "አንተ ለራስህም አልጣፈጥክ።"

ጓዳው ውስጥ የነበረው ያው ነው፤ ከዚያው ግን ሌላ ነገር ይወጣ ጀመር። እርሾው በቀዝቃዛ ውሃ እንደማይነሳ፣ ለብ ባለ ውሃ ላይ ትንሽ ስኳር ሲያገኝ አረፋ እንደሚያወጣ አሳዩኝ። ዳቦ ከድስት ወጥቶ ውሃ እንደማይጠጣም ነገሩኝ፤ ይህን ሲነግሩኝ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፣ በመሃል እየሳቁ ነውና። ምስር ቀቅለን ከሩዝ ጋር ደባልቀን በተጠበሰ ሽንኩርት አለበስነው። ሊጥ ዳምጠን፣ ዘይትና ስኳር ቀብተን፣ ጠቅልለን ጋገርን። አንድ እሁድ ኬክ አማራቸው። እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። "ሻይ አለ" አሉ። ዱቄቱን በወፍራም ሻይ ለውሰን፣ ዘይትና ስኳር ጨምረን፣ በእርሾ አንስተን በድስት ጋገርነው። መልኩ ያማረ ቡና ዓይነት ሆነ። ልብስ ሰፊዋን ጠራናት። ቀድማ ጥርጣሬዋን በዓይኗ ይዛ ገባች፤ ጎን ጎኑን ቀመሰች፣ ከዚያ ውሃ ሳትለምን ሌላ ቁራጭ ወሰደች።

"አንቺ ልጅ" አሏት አያትሽ፣ "ያኔ ዳቦውን ቀምሰሽ ለምን አልነገርሽውም?"

"ሐዘንተኛ ሰው በጨው ይወቀሳል እንዴ እማማ? እንባው ገብቶበት ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

ሲበሉ አያለሁ። እኔ በልቼ የማውቀው ሙቅ መሆኑንና መላላት መጠንከሩን ነው። አያትሽ እንደ እናትሽ "ጥሩ ነው" አይሉም። የሳቸው ትልቁ ምስጋና "ይበላል" ነው። እንዲያም ሆኖ ማዕድ ስባርክ በልቤ ከወትሮው ቆየት እል ጀመር። ቀለበታቸው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ባለፈው ሳምንት ጊዜያዊ የብረት ድልድይ ተዘረጋና አጎትሽ መጣ። ድንች፣ ቲማቲም፣ እንቁላል፣ የሌለ የለም፤ መኪናው ላይ ጭኖ ነው የመጣው። ከኛ ጓዳ በቀረው በመጨረሻው ምስር ምሳ በላ፤ ማን እንደሠራው ጠይቆ "ጋሼ ነው" ሲሉት ማንኪያውን አስቀምጦ አየኝ። ከዚያ ሻንጣውን ከበሩ ጀርባ አነሳ። መኪናው ላይ ጫነው። ሁሉም በፍጥነት ሆነ፤ ሾፌር ነው፣ ከመምሸቱ በፊት መሻገር ነበረበት።

"በይ እማዬ፣ እንሂድ" አለ።

"እሺ" አሉ አያትሽ። ነጠላቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ያንኑ "እሺ" ነው የደገሙት፤ አሁን ግን ሲሉት የሚያዩት እኔን ነው።

አጎትሽ ሊሰናበተኝ እጁን ዘረጋ። "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ድካምህን እናውቃለን። ምንም ቅር እንዳይልህ፤ አይደል?"

"እንደ ፈቃዳቸው" የምትለዋ ቃል አፌ ድረስ መጥታ ነበር። ዋጥኳት።

"ከሄዱ" አልኩ፣ "ጨው የሚቀምስልኝ ሰው የለም።"

አጎትሽ ሳቀ። "ለጨው ብለህ እናቴን ልታስቀር ነው?"

አያትሽ አልሳቁም። "ለጨው ከሆነማ" አሉ፣ "ልብስ ሰፊዋ ትቀምስልሃለች። ቅርብ ነች። ምላሷም ደህና ነው።"

የመኪናው ሞተር አልጠፋም ነበር፤ ደጃፉ ይንቀጠቀጣል። አያትሽ ይጠብቁኛል። ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ግድግዳ ሳቆም ውኃልኬ ያለችውን አምኜ ጡብ እጨምራለሁ፤ ያን ቀን ግን የምደገፍበት ምንም አልነበረኝም።

"ለጨው አይደለም" አልኩ።

አያትሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሰማኸው? ለጨው አይደለም ይላል።"

"እና ለምንድነው?" አለ አጎትሽ።

"እሱን አንተ ምን አገባህ? ሻንጣዬን አውርድ።"

አወረደው። ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ ቲማቲሙን ተሸክሞ አስገባልን። እኔም እሱን መሸኘት ስላለብኝ ድልድዩ ድረስ አብሬው ሄድኩ። እዚያ ሲያወርደኝ "ጋሼ፣ መቼም እማዬ ታስቸግርሃለች" አለኝ። "ያስቸግሩኛል" አልኩት፤ ተስማማን።

ስለዚህ ሚጣዬ፣ ለጥያቄሽ መልሱ ይህ ነው። አያትሽ ይበላሉ፣ የትም አይሄዱም። ለኔም ትኬት አትቁረጪልኝ። ጥሪሽ ከልብሽ መሆኑን አውቄ ተቀብዬዋለሁ። ሥራ ስፈታ የአንቺን ክፍል ግድግዳ እንደገና ለስኜዋለሁ፣ መስኮቷም ስትከፈት አትንጫጫም፤ ለማንም ብዬ አይደለም፣ ልስኑ አርጅቶ ስለነበር ነው።

ይህን ደብዳቤ አሁን ለአያትሽ አነበብኩላቸው። ስለ ዳቦው ያለው ላይ ስቀዋል፤ ስለ ወንበሩ ያለው ላይ "ወንበሩን መልሰው" አሉኝ፤ አይሆንም አልኳቸው። ሲያበቃ "ለጨው አይደለም ካልክ በኋላ የሆነውን ለምን አልጻፍክላትም?" አሉኝ።

"ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ነገር የለም" አልኩ።

"መቼ ተናገርክ አልኩህ? ደጃፉ ላይ ቆመህ ዓይንህ የሆነውን ነው የምልህ። ልጅህ ናት፤ ጻፍላት።"

አንድ ያልጻፍኩልሽ ነገር እንዳለ ጽፌልሻለሁ። ይበቃል ብለዋል።

እግዚአብሔር ቤትሽን ከሰው አያጉድለው። ለባልሽ ጤና፣ ለልጅሽ ዕድገት፣ ለአንቺ ደግሞ ማታ ማታ የሚያርፍ ልብ ይስጥሽ። ወጥተሽ የምትገቢበትን መንገድ ሁሉ እሱ ይጠብቅልኝ። የልጅሽን ግንባር ስለ እኔም ስለ አያትሽም ሳሚልን።

አባትሽ ግንበኛው